አንባቢ ተመልሶ እንዲመጣ ሁለት ፕለጊን

በድረ ገጽ መሥሪያው በዎርድፕረስ በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ አንባቢ ለመመለስ ብላችሁ አሥር ፕለጊን (በድረ ገጹ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) አትደርድሩ፤ ገጹ ይከብዳል፣ በስልክ የሚያነብ ሰው ደግሞ እስኪከፈት አይጠብቅም። ሁለት ይበቃሉ።

አንደኛው አስተያየት የሰጠ ሰው መልስ ሲያገኝ በኢሜይል የሚያሳውቅ ነው። ዎርድፕረስ ይህን በራሱ አያደርግም፤ አንባቢው ጠይቆ ይሄዳል፣ እናንተ መልስ ስትጽፉ ታመሻላችሁ፣ እርሱ ግን አያውቅም። «ሰብስክራይብ ቱ ኮሜንትስ ሪሎድድ» ለዚህ የተሠራ ነው።

ሌላው ከጽሑፉ ግርጌ ተዛማጅ ጽሑፎችን የሚያቀርበው «ያርፕ» ነው። እዚህ ላይ አማርኛችን የራሱ ጣጣ አለው። ፕለጊኑ ርዕስና ይዘትን የሚያዛምደው ቃላትን በማመሳሰል ስለሆነ፣ አንድ ቦታ «ፀሐይ»፣ ሌላ ቦታ «ጸሀይ» ብትሉ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ይሆኑበታል። «ቡና»፣ «ቡናን» እና «ከቡና»ም እንደዚያው። ስለዚህ ከማስተካከያው ገብታችሁ ክብደቱን ለምድብና ለመለያ ቃላት (ታግ) ስጡ፤ መለያዎቹንም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፉ። እኔ የመለያዎቼን ዝርዝር በወረቀት ጽፌ ከኮምፒውተሩ ጎን ለጥፌዋለሁ። ያየ ሁሉ ይስቅብኛል፤ ወረቀቱ ግን እስካሁን አልተነሣም።