ፍሉታችሁ «ሽሽሽ» ካለ፦ ችግርና መፍትሄ

ፍሉት መግጠም፣ ጣት ማስቀመጥና ኖታ ማንበብ ለምትችሉ ነው የምጽፈው።

ድምፁ ትንፋሽ ይበዛበታል፤ የታችኞቹ ኖታዎች አይወጡም

ተማሪ ሁሉ ይዞብኝ የሚመጣው ይሄንን ነው። የሚለውም አንድ ነው፦ «ፍሉቱ ተበላሽቷል»። ተቀብዬ ስነፋው ይሠራል። አንዱ ወጣት በዚሁ የተነሳ የመጀመሪያውን ሸጦ፣ ብር ጨምሮ ሌላ ገዛ። አዲሱም ሽሽ አለ። ምን ያድርግ፣ ከንፈሩን አብሮ አልሸጠው!

ፍሉት እንደ ክላርኔት ሪድ (ሲነፋ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ሸምበቆ) የለውም። ድምፅ የሚፈጠረው ከከንፈራችን የወጣው አየር የቀዳዳውን ማዶ ጠርዝ ሲመታ ነው። የከንፈር ክፍተት ከሰፋ አየሩ ይበተናል፤ ግማሹ ጠርዙን ይመታል፣ ግማሹ ሽሽ ይላል። ጀማሪ ደግሞ ድምፅ እምቢ ሲለው ከንፈሩን ወደ ጎን ወጥሮ በኃይል ይነፋል። የባሰ ይበተናል።

መፍትሄው የሚጀምረው የሚነፋበት ቀዳዳ ካለው ከላይኛው ክፍል ብቻ ነው። ነቅላችሁ መስታወት ፊት ቁሙ። ጫፉን በመዳፍ ድፈኑ። የታችኛው ከንፈር ከቀዳዳው ከሩብ እስከ ሲሶ ይሸፍን። የአፋችሁ ጥግ ዘና ይበል፣ ክፍተቱ ትንሽ ሞላላ ይሁን። ስትነፉ ላ አካባቢ ያለ ድምፅ ትሰማላችሁ። አሁን ብረቱን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አዙሩ። ሽሽታው የሚጠፋበት ቦታ አለ። እዚያ ቁሙና ከንፈራችሁ እስኪለምደው ደጋግሙ።

ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ከቀዳዳው ማዶ ባለው ብረት ላይ የትንፋሽ እርጥበት ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አየራችሁ ወደዚያ እየሄደ ነው። የላይኛው ከንፈራቸው መሃሉ ላይ ወደ ታች ሾጠጥ ያለ ሰዎች ግን ትንሽ ወደ ጎን ቢነፉ ጥፋት አይደለም። እነሱን በግድ መሃል ካልነፋችሁ እያለ የሚያስጨንቅ አስተማሪ አለ፤ አትስሙት።

ከዚያ ሙሉውን ገጥማችሁ ከመጀመሪያው ኦክታቭ ሲ ተነሱና በግማሽ ድምፅ ወደ ታች ውረዱ። እያንዳንዱን ኖታ በረጅሙ ያዙ። አዲሱ ኖታ የቀደመውን ቀለም ካልያዘ ተመለሱ። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ዘሎት ስኬል መሮጥ ይፈልጋል። ሽሽ የሚል ስኬል ሲፈጥን ፈጣን ሽሽታ ነው የሚሆነው።

ዋሽንት እየነፋችሁ ያደጋችሁ፣ ትንፋሻችሁ ይጠቅማችኋል። ዋሽንት የሚነፋው ከጫፉ፣ ፍሉት ከጎኑ ስለሆነ ግን አፋችሁን እንደ አዲስ አስተምሩት።

አስተማሪም ነፍቶት ከአንድ ኖታ በታች ያለው ሁሉ ከጠፋ፣ ያኔ ፍሉቱን መጠርጠር ይቻላል። ቀጭን ወረቀት ከፓዱ (ከቁልፉ ሥር ቀዳዳውን ከሚደፍነው ለስላሳ ትራስ) ሥር አስገቡ፣ ቁልፉን በቀስታ ዝጉ፣ ሳቡት። ምንም ሳይዘው ሸርተት ካለ አየር ያስወጣል። ባለ ቀለሞቹ ርካሽ ፍሉቶች ላይ ይሄ ከሳጥኑ ሲወጡ ጀምሮ ነው፤ ብረታቸው ለስላሳ፣ ብሎናቸው የሚላላ። ለጠጋኝ ስጡ። በሱፐር ግሉ አትለጥፉ። ለጥፎ ያመጣ አይቻለሁ፤ ፓዱ ቁልፉን ይዞ ደርቆ ነበር።

ላይኛው ኦክታቭ ይጮኻል

በጉልበት እየነፋችሁ ነው። ክፍተቱን አጥብቡ፣ አየሩ ይፍጠን፣ መጠኑ አይብዛ። የታችኛውን ዶ ጣት ይዛችሁ ጣት ሳታነሱ ዶ፣ ከዚያ ሶል፣ ከዚያ ዶ አውጡ።

ስታለሳልሱ ድምፁ ይወርዳል

አየሩ ስለሚዘገይ ነው። እየቀነሳችሁ ከንፈራችሁን ወደፊት ገፋ፣ የአየሩን አቅጣጫ ቀና አድርጉ። ስትጨምሩ ግልባጩን። ቱነር (የድምፁን ከፍታ የሚለካውን) ክፈቱ።

«ስሜት የለውም» ይሉኛል

ብዙ ሰው ስሜት ማለት ማንቀጥቀጥ ይመስለዋል። በጉሮሮ የተሠራ ቪብራቶ የፍየል ድምፅ ነው። ሜትሮኖም 60 ላይ አድርጉ፣ በአንድ ምት አራት ጊዜ «ሃሃሃሃ» እያላችሁ ከሆድ ግፉ። ከሁሉ በፊት ግን ዜማውን ዝፈኑት። ስትዘፍኑ የተነፈሳችሁበትን ቦታ ኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ሲነፉ በዘፈቀደ እየተነፈሱ የዜማውን አረፍተ ነገር የሚቆርጡ ናቸው ስሜት የሚያጡት።

ኦክታቮቹ አይገጥሙም

የላይኛውን ክፍል ጫፍ ከውስጥ የሚደፍነው ቡሽ ተንቀሳቅሷል። የማጽጃው ዘንግ ገብቶ ቡሹን ሲነካ ጫፉ ላይ ያለው መስመር ቀዳዳው መሃል መታየት አለበት፤ ከቡሹ እስከ መሃሉ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በየዝግጅቱ ፊት ጫፉ ላይ ያለውን ክብ ቆብ እያዞረ «የሚቃኝ» ሰው አውቃለሁ። የሚቃኘው የላይኛውን ክፍል ሳብ ወይም ገፋ በማድረግ ነው። ቆቡን አታዙሩ። አታዙሩ ብያለሁ።

ጥቃቅኖቹ

የሁለተኛው ኦክታቭ ሬ ታፈነ? የግራ ጠቋሚ ጣት አልተነሳም። ከቀኝ ትንሿ በቀር ጣት ሁሉ ተነስቶ የሚነፋው ዶ ሻርፕ ከፍ ይላል? ተፈጥሮው ነው፣ በከንፈር አውርዱት። የሦስተኛው ኦክታቭ ሚ ይሰነጠቃል? የቀኝ ትንሿን ጣት አንሱ። ጠዋት ሁሉም ኖታ ዝቅ ይላል? ፍሉቱ በርዶታል፤ ቁልፎቹን ዘግታችሁ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ስጡት። ቁልፍ ይጣበቃል? የሲጋራ ወረቀት ከፓዱ ሥር አድርጋችሁ በቀስታ ተጫኑ። ዘይት አይነካውም፣ ፓውደርም አይነካውም። ለስላሳ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ከጠጣችሁ ደግሞ ሳትጉመጠመጡ አትንፉ።