ሆፕስ የበዛበት ቢራ በቤት አጠማመቅ፦ ውሃ በ92 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር

ጠላ ሲጠመቅ እያየ ላደገ ሰው የዚህ ሥራ ግማሹ አዲስ አይደለም። ብቅሉ ያው ብቅል ነው፤ እርሾውም ስኳር በልቶ አልኮልና ጋዝ የሚሰጥ ነው። የሚያሳስተው ሌላው ግማሽ ነው። ጌሾ እሳት ሳያይ በጥንስሱ ብቻ ምሬቱን ይሰጣል። ሆፕስ፣ ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ፣ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ሳምንት ቢከርም ሽታውን እንጂ ምሬቱን አይለቅም። አልፋ አሲድ የሚባለው ሙጫው ፈልቶ ባሕርዩን ሲለውጥ ነው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚመርረው። እዚህ ላይ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ያለ ጀማሪ የሚገጥመው ችግር አለ። የቢራ አሰራር መመሪያዎች በብዛት የተጻፉት ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት የባሕር ጠረፍ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ ሱሉልታ ላይ ወደ 91 ይጠጋል። መመሪያውን እንዳለ የተከተለ ሰው ጣፋጭና ልል ቢራ ያገኛል፤ ከዚያም ጥፋቱን በሆፕሱ ያላክካል። ከታች ያለው መጠን ለዚህ ከፍታ የተስተካከለ ነው።

ጥሬ ዕቃና መሣሪያ

መጠኑ ከ27 እስከ 28 ጠርሙስ ቢራ ይወጣዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ በላይ አትጥመቁ፤ 20 ሊትር በቤት ምድጃ ማፍላትም ማቀዝቀዝም ከባድ ነው።

– 1.5 ኪሎ ደረቅ የብቅል ንጥር፣ ነጣ ያለው ዓይነት (ማር መሳይ ፈሳሽ ከሆነ 1.85 ኪሎ)
– 16 ግራም ማግነም ሆፕስ፣ አልፋው 12 በመቶ የሆነ
– 60 ግራም ካስኬድ ሆፕስ
– አንድ ፓኬት (11.5 ግራም) ደረቅ የኤል (በክፍል ሙቀት የሚቦካ ቢራ) እርሾ፣ ለምሳሌ ሳፌል ዩኤስ-05
– ወደ ጠርሙስ ሲገባ የሚጨመር 55 ግራም ያህል ስኳር

የብቅል ንጥር፣ በፓኬቱ ላይ ሞልት ኤክስትራክት የሚባለው፣ የብቅል ጣፋጭ ውሃ ተንኖ ዱቄት ወይም ሽሮፕ የሆነ ነው። ብቅል መፍጨቱና መዘፍዘፉ አልቆ ይመጣል ማለት ነው። ደረቁ ይሻላል፦ ቀለል ይላል፣ ከሰው ጋር በሻንጣ ለማስመጣት ይመቻል፣ ከፈሳሹም ይልቅ ሳይጠቁር ይቆያል። ጠላቱ እርጥበት ነው። በክረምት አንድ ሌሊት ክፍት ያደረ ፓኬት ድንጋይ ይሆናል።

ሆፕሱን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። መብራት ሲጠፋ በሩን ካልከፈታችሁት ለጥቂት ሰዓት አይጎዳም። አንዴ የተከፈተውን ፓኬት አየሩን ጨምቃችሁ አውጥታችሁ እሰሩት፤ አይብ አይብ መሽተት ከጀመረ ግን ጣሉት።

ለማፍላት 20 ሊትር የሚይዝ ድስት ያስፈልጋል። አሉሚኒየም ይሆናል፤ በሽቦ ግን አታብረቅርቁት፣ ግራጫው ሽፋኑ ብረቱን ይጠብቀዋል። ለማቡካት ክዳኑ የሚገጥም የ15 ሊትር የምግብ ባልዲ ያዙ። የቀለም ባልዲ ምንም ያህል ቢታጠብ አይሆንም። የዘይት ጀሪካንም አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ውስጥ የቀረው ቅባት የቢራውን አረፋ ይገድለዋል። በክዳኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አበጅታችሁ ቀጭን ቱቦ አስገቡ፣ ሌላውን ጫፍ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ንከሩት፤ ጋዝ ይወጣል፣ አየር አይገባም። ቴርሞሜትር፣ የግራም ሚዛንና የቆርኪ መምቻም ያስፈልጋሉ። ሃይድሮሜትር (በቢራው ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንዳለ የሚያሳየው መለኪያ) ከሌላችሁ ግን አትጀምሩ፤ ምክንያቱን ጠርሙስ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

የዳቦ እርሾ ዱቄት ያነሳል፣ ቢራ ግን አያጠራም። ከታች አይረጋም፤ ጣዕሙም ዳቦ ዳቦ ይላል።

ውሃና ንጽሕና

ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውሃ ለስላሳ ነው፣ ለሆፕስ ይስማማል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ጠንከር ይላል፤ እሱም ይሠራል፣ ምሬቱ ግን ትንሽ ይሻክራል። ከሁለቱም ክሎሪኑ መውጣት አለበት፤ ከብቅሉ ጋር ተዋሕዶ መድኃኒት መድኃኒት የሚል ሽታ ያመጣል። ውሃውን ቀድማችሁ ቅዱና አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ክፍት አሳድሩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንዲያውም ይመቻል።

እሳት ካለፈ በኋላ ቢራውን የሚነካ ነገር ሁሉ፣ ባልዲ፣ ቱቦ፣ ጭልፋ፣ ሃይድሮሜትርም ጭምር፣ ከጀርም መጽዳት አለበት። በረኪና ርካሽ ነው፦ 1 የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ውሃ፣ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሞ ማለቅለቅ። ያልተለቀለቀ በረኪና ያንኑ የመድኃኒት ሽታ ያመጣል። ከሆምጣጤ ጋር ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ለትንንሽ ዕቃ 70 በመቶ አልኮል መርጨት ይበቃል፣ ማለቅለቅም አያስፈልገውም። ግራዋና የወይራ ጭስ ለጋን ነው፤ ፕላስቲኩን ብታጥኑት ቢራው ጭስ ይሸታል።

ማፍላት

13 ሊትር ውሃ ድስት ውስጥ ጨምሩና እሳት ሳትለኩሱ የንጥሩን ግማሽ (750 ግራም) ነስንሱበት። ዱቄቱ እንፋሎት ከነካው ወዲያው ይጓጉላል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን በቀላሉ ይሟሟል። ከታች ምንም አለመቅረቱን በጭልፋ ፈትሻችሁ እሳቱን ለኩሱ፤ ድስቱ ሥር የረጋ ንጥር ያርራል፣ ያረረውም እስከ ጠርሙስ ድረስ ይከተላችኋል።

መፍላት ሲጀምር አረፋው እንደ ወተት በአንዴ ይገነፍላል። ድስቱን አትክደኑ፣ ከአጠገቡም አትራቁ። አረፋው ሲወርድ 16 ግራሙን ማግነም ጨምራችሁ ሰዓት ያዙ፦ 60 ደቂቃ።

ለምን 16 ግራም? ጠረፍ ላይ 12 ግራም ይበቃል። በ92 ዲግሪ አልፋ አሲድ የሚለወጥበት ፍጥነት በ100 ዲግሪ ካለው ግማሽ ያህል ነው፤ እዚህ 60 ደቂቃ ማፍላት እዚያ 30 ደቂቃ እንደማፍላት ነው። ምሬቱ ግን በግማሽ አይቀንስም፤ አብዛኛው የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሆነ የሚጎድለው ሩብ ያህል ነው። ያንን ለመሙላት መመሪያው ለ60 ደቂቃ ያዘዘውን ሆፕስ በ1.3 አባዙት። ፍላቱን 90 ደቂቃ አድርጎ በአሮጌው መጠን መሥራትም ይቻላል፣ ወደ ታሰበው ምሬት በጣም ይጠጋል። ነገር ግን ጋዝ ይፈጃል፣ ውሃው ይተናል፣ ቢራውም ይጠቁራል። 4 ግራም ሆፕስ መጨመር ከግማሽ ሰዓት ጋዝ የተሻለ ነው።

የእናንተ ሆፕስ አልፋው 12 ካልሆነ 192ን ፓኬቱ ላይ ባለው ቁጥር አካፍሉ። 8 በመቶ ከሆነ 24 ግራም፣ 6 በመቶ ከሆነ 32 ግራም ይመጣል። ቁጥሩን ሳያነቡ በማንኪያ መስፈር ልክ እንደሌለው በርበሬ ነው። በ1.3 የሚባዛው ግን የመጀመሪያው ሆፕስ ብቻ ነው። ዘግይቶ የሚገባው ለሽታ ስለሆነ እሱን ካበዛችሁት ቢራው ሣር ሣር ይላል።

የፍላቱን ሙቀት ከፍ ለማድረግ ሲሉ ድስቱን መክደን ትርፉ መገንፈል ነው፤ ልቅ ክዳን ሙቀቱን አይጨምርም። ፕሬዠር ድስት ይጨምራል፣ ግን የሆፕስ ቅጠል የእንፋሎት መውጫውን ይደፍነዋል፤ አትሞክሩት።

15 ደቂቃ ሲቀር እሳቱን አጥፉና የቀረውን 750 ግራም ንጥር በትንሽ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ አማስሉና መልሳችሁ ለኩሱ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ያላስገባነው ረጅም ፍላት ንጥሩን ስለሚያጠቁረው ነው። 10 ደቂቃ ሲቀር 15 ግራም ካስኬድ ጨምሩ። ሰዓቱ ሲሞላ እሳቱን አጥፍታችሁ 20 ግራም ካስኬድ ጨምሩና ክዳኑን ገጥማችሁ 15 ደቂቃ ተዉት። እዚህ ላይ ከፍታው ይጠቅማል፤ ውሃው 92 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ የሆፕሱ መዓዛ እንደ ቆላው ቶሎ አይተንም።

ማቀዝቀዝና እርሾ

ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ትልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ፣ ውሃው ሲሞቅ ለውጡ። ሦስተኛው ላይ በሃይላንድ ያስቀመጣችሁትን በረዶ ጨምሩበት። የወጣው ውሃ ለልብስ ይሆናል። 20 ዲግሪ ሲደርስ ዝቃጩን ከታች ትታችሁ ወደ ባልዲው ገልብጡ፤ እዚህ ላይ አረፋ እስኪሠራ ከከፍታ ማንቆርቆር ጥሩ ነው። ወደ 10 ሊትር ይሆናል። ሃይድሮሜትሩ 1.050 አካባቢ ማንበብ አለበት። ከበለጠ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምሩ፤ ካነሰ ተዉት።

እርሾውን ላዩ ላይ ነስንሱት። ለ10 ሊትር የፓኬቱ ግማሽ ይበቃል፣ ግን የተከፈተ ፓኬት በደንብ አይቆይምና ሁሉንም ጨምሩ።

ማቡካት

እርሾው የሚወደው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ነው፣ ከምንም በላይ ደግሞ ያልተለዋወጠ ሙቀት። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ከኅዳር እስከ ጥር የውጪው ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። እርሾው ሲበርደው ሥራውን ሳይጨርስ ይተኛል፣ ከላይ ሲታይ ግን ያለቀ ይመስላል። ባልዲውን ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን ጣውላ ላይ አስቀምጡ፣ ከውጪ ግድግዳ አርቁት፣ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክራችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። የሳፋው ውሃ የቀንና የሌሊቱን ልዩነት ይውጠዋል። ለዚህ ሥራ ከየትኛውም ውድ መሣሪያ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ይኸው ሳፋ ነው።

በሁለተኛው ቀን ብርጭቆው መንተክተክ ይጀምራል። ከሳምንት በኋላ ለኩ። 1.015 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 25 ግራም ካስኬድ ባልዲው ውስጥ በትናችሁ ወዲያው ክደኑ። ከእንግዲህ አየር ጠላት ነው፤ አታማስሉ፣ ክዳኑንም ደጋግማችሁ አትክፈቱ። አየር የነካው የሆፕስ ቢራ በሁለት ሳምንት ይጠይማል፣ መዓዛውም ይጠፋል።

ሆፕሱ 4 ቀን ይቆይ። ከዚያ ለኩ፣ ከ3 ቀን በኋላም መልሳችሁ ለኩ። በዚህ መሐል ቁጥሩ በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ (ለምሳሌ ከ1.013 ወደ 1.011) ቢወርድ አትገረሙ። ደረቅ ሆፕስ እርሾው ሊበላው ያልቻለውን ስኳር የሚሰብር ኢንዛይም አለው፤ ያለቀ የመሰለው ቢራ እንደገና መሥራት ይጀምራል። ሆፕሱ ከመግባቱ በፊት የተለካን ቁጥር አምኖ ጠርሙስ የሞላ ሰው ቦምብ እየሞላ ነው። የብርጭቆው መንተክተክ መቆሙም ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው በ3 ቀን ልዩነት የተነበቡ ሁለት እኩል ቁጥሮች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.010 እስከ 1.013። ቁጥሩ ከ1.018 በላይ ተገትሮ ከቀረ ባልዲውን ወደ 20 ወይም 21 ዲግሪ አሙቁትና አምስት ቀን ስጡት።

ጠርሙስ

ቡናማው የ330 ሚሊ ሊትር የቢራ ጠርሙስ ምርጥ ነው፣ ወፍራምና ብርሃን የሚከላከል። አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ፀሐይ ካየ የሆፕስ ቢራ ይገማል። አፉ የተሸረፈውን አውጡ። የውሃ ሃይላንድ ግፊት አይችልም፤ የለስላሳ ፕላስቲክ ግን ይችላል፣ አንዱን ለመፈተኛ ሙሉት።

በሊትር 6 ግራም ስኳር አስሉ፦ 9 ሊትር ከሆነ 54 ግራም። በአንድ ብርጭቆ ውሃ አፍሉት፣ አቀዝቅዙት፣ በጸዳ ባልዲ ሥር ጨምሩት፣ ከዚያ ቢራውን በቱቦ ሳታንቦጫርቁ ላዩ ላይ አስተላልፉ፤ በራሱ ይቀላቀላል። ቱቦውን በአፍ ስባችሁ አታስጀምሩ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሞልታችሁ አስጀምሩት። የቱቦውን ጫፍ በፈላ ጨርቅ ከሸፈናችሁት የሆፕስ ቅጠል አይደፍነውም። ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ሙሉት፣ ሁለት ጣት ባዶ ተዉ፣ ቆርኪውን ምቱ።

ጠርሙሶቹን 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ጨለማ ቦታ፣ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ሁለት ሳምንት አቆዩ፤ ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሦስት ሳምንት። የለስላሳው ፕላስቲክ ሲጨመቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ጋዙ ደርሷል። ቀድሞ በአራተኛው ቀን ከጠነከረ ግን ሁሉንም ወደ ፍሪጅ አስገቡና ቶሎ ጠጡት። እዚህ የአየር ግፊቱ ከጠረፉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ሞቆ የተከፈተ ጠርሙስ ይገነፍላል፤ ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ቆሞ ይደር።

ስትቀዱ ብርጭቆውን አዘንብላችሁ በአንድ እስትንፋስ ቅዱ፣ ጠርሙሱ ሥር የተኛውን ጉሽ ተዉት። ይህ ቢራ 5 በመቶ ያህል አልኮል አለው፤ መዓዛውም በሁለት ወር ውስጥ ይደክማል።