ዘይት እየበላ ሥጋ ያልያዘ ጠቦት፦ ችግርና መፍትሄ

እዚህ ድሬዳዋ መኖ ሲወደድ ብዙዎቻችን ፊታችንን ወደ ዘይት እናዞራለን። ምክንያት አለን፤ አንድ ግራም ስብ የሚሰጠው ጉልበት ከእህል ሁለት እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ ስብ ሲፈጭ ሰውነትን እንደ ገለባ አያሞቅም፤ የቀትሩ ሙቀት ምግብ ለሚያስጠላው በግ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ዘይት አትስጡ አልልም። የሚያበላሸን መጠኑና አብሮት የሚሰጠው መኖ ነው።

ጠቦቱ መኖ ቀነሰ፣ በጠጡ ፍሬ መሆኑ ቀርቶ ላላ

ዘይቱ በዝቷል። በጨጓራው ውስጥ ገለባና ድርቆሽ የሚያብላሉለት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ዘይት ሲበዛ ገለባውን ይለብሰዋል፣ እነሱንም ይገድላል። ያልተብላላው ገለባ ሆዱን ሞልቶ ስለሚቆይ ጠቦቱ ሳይበላ የጠገበ ይመስለዋል።

ከጠቅላላው ደረቅ መኖ ውስጥ ስቡ ከ6 በመቶ ባያልፍ ጥሩ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ጠቦት በቀን 700 ግራም ያህል ቢበላ፣ 6 በመቶው 42 ግራም ነው። ከዚህ ውስጥ 500 ግራሙ ድርቆሽና ፉርሽካ ቢሆን በራሱ 15 ግራም ገደማ ስብ አለው። 200 ግራም የለውዝ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ በመጭመቂያ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ተረፈ ምርት፣ ሌላ 16 ግራም ያህል ይጨምራል። የሚቀረው 11 ግራም ብቻ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እኔ መጀመሪያ ላይ በቡና ስኒ ነበር የምሰጠው።

ዘይቱን ለአንድ ሳምንት አቁሙ፤ ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ ብቻ ስጡት። ሲያገግም ከሻይ ማንኪያ ጀምራችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ከፉርሽካው ጋር በደንብ አሹት እንጂ ላዩ ላይ አታፍስሱ። ተቅማጡ ደም ካለው ወይም ጠቦቱ ካተኮሰው ግን ነገሩ የዘይት አይደለም፤ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

ሚዛኑ ጨመረ፣ ሲታረድ ግን ሞራ ብቻ

ልቤን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ባለፈው ፋሲካ ጎረቤቴ ያደለበውን በግ ሲያርድ አጠገቡ ነበርኩ። ላቱ ሞልቷል። ሆዱ ሲከፈት ኩላሊቱ በሞራ ተቀብሮ አይታይም፤ ሽንጡ ግን ቀጭን ነበር። በጉ ለወራት የበላው የማሽላ አገዳ፣ ፉርሽካና ዘይት ነው።

ዘይት ውስጥ ፕሮቲን የሚባል ነገር የለም። ሥጋ የሚሠራው ደግሞ ከፕሮቲን ነው። ጉልበቱ ተርፎ ፕሮቲኑ ሲያንስ ትርፉ ሞራና ላት ይሆናል። የእኛ አካባቢ ጥቁር ራስ በግ ደግሞ ለድርቅ ጊዜ ስብ ማስቀመጥ ተፈጥሮው ስለሆነ ይብሳል። ዕድሜም አለበት፤ ለጋ ጠቦት ሥጋ ይሠራል፣ የጠና በግ ስብ ያከማቻል።

መፍትሄው ከዘይቱ በፊት ፋጉሎ ማስቀደም ነው። የባቢሌ ለውዝ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ፋጉሎው ፕሮቲኑንም ዘይቱንም አንድ ላይ ይዞ ይመጣል። ላት ጨብጣችሁ ብቻ አትፍረዱ። ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ወገቡን ዳብሱ። የአጥንቱ ጫፍ ጣት ከወጋ ገና ነው። ጫን ስትሉ ብቻ ከተገኘ ደርሷል። ጫን ብላችሁም ካጣችሁት፣ ከዚያ በኋላ የምትሰጡት ሁሉ ሞራ ይሆናል፤ ሽጡት።

ፋጉሎው ሸተተ ወይም ሻገተ

በእኛ ሙቀት ዘይት የተቀላቀለ መኖ በቀናት ውስጥ ይከረፋል፤ የሁለት ሦስት ቀኑን ብቻ አዘጋጁ። የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል። መቀቀልም ማድረቅም አያጠፋውም። ጣሉት።

ወንዱ ጠቦት ለመሽናት ያምጣል

ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው፤ የበዛ ዘይት ደግሞ ያለውንም ካልሲየም እንደ ሳሙና አስሮ ያስወጣዋል። በሽንት ቧንቧው ጠጠር የሚሠራው እንዲህ ሲዛባ ነው። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከመኖው 1 በመቶ ያህል ጨምሩ፤ ጨውና ውኃ አይጓደልበት። ሽንቱ ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ ወይም ጭራሽ ከቆመ ግን እስከ ነገ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ።