ቃታው ሲከብድ ያደረግኩት

ቅዳሜ ቅዳሜ በ50 ያርድ ወረቀት ላይ እተኩሳለሁ። ጠመንጃዬ .22 ጥይት የምትጎርሰው ሩገር 10/22 ናት። ጥይቶቼ ይበታተኑብኝ ነበር። ቃታውን ለመሳብ የሚያስፈልገውን ኃይል በሚዛን ስለካው 6 ፓውንድ ገደማ ሆነ። ጠመንጃዋ ራሷ የምትመዝነው 5 ፓውንድ አካባቢ ነው! ጣቴ ቃታውን ሲስብ አፈሙዙም አብሮ ይነቃነቃል።

መጀመሪያ ርካሽ የሞላ ስብስብ ገዛሁ። ቃታው ቀለለ፤ ግን ጥይቱ መክሸፍ ጀመረ። ምክንያቱ ይኸውላችሁ። በ.22 ጥይት ተቀጣጣዩ ያለው መሀል ላይ ሳይሆን በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው። መምቻው ጠርዙን በደንብ መጨፍለቅ አለበት። መምቻውን የሚመታው የመዶሻው ሞላ ከላላ ምቱ ይደክማል። ስለዚህ ቃታ ስትመርጡ ቅለቱን ብቻ አትዩ፤ የምቱን ኃይል ሳይቀንስ መቅለሉን እዩ።

በመጨረሻ የሩገርን ቢኤክስ ቃታ መረጥኩ። ሙሉ ክፍሉ ተገጣጥሞ ይመጣል፤ ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል 2.75 ፓውንድ አካባቢ ነው። ከዚያ የቀለሉም አሉ፤ ለእኔ ግን ይኼ በቂ ነው። በብርድ ጓንት አድርጌ ስለምተኩስ በጣም ስስ ቃታ ያስፈራኛል።

ለመግጠም ካዝናውን አውጥቼ ጥይት የሚጎርስበት ክፍል ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አየሁ። ሴፍቲውን (ቃታውን የሚቆልፈውን) መሀል ላይ አቆምኩ፤ አለዚያ የጠመንጃዋ ብረት ከሰደፉ አይወጣም። አንድ ብሎን፣ ከዚያ ሁለት ፒን፣ በቃ። ሳላጎርስ ሴፍቲውን ደጋግሜ ፈተሽኩ። ሜዳ ላይ መጀመሪያ አንድ አንድ ጥይት ብቻ አጎረስኩ። አንድም አልከሸፈም፤ ቀዳዳዎቹም ተሰበሰቡ።