አዲስ የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር ምስል አላሳይ ካለ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደሴ የጎረቤቴ ልጅ ገንዘብ አጠራቅሞ በገዛ እጁ የገጣጠመውን ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ። ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ መብራቱ ይበራል፤ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሊመልሰው ነበር። እባካችሁ፣ እንዲህ ከመቸኮላችሁ በፊት የስክሪኑ ገመድ የት እንደተሰካ እዩ። ግራፊክስ ካርድ (ለብቻው የሚሰካ ምስል አውጪ ክፍል) ካለ ገመዱ የሚሰካው ካርዱ ላይ ነው። ስማቸው በ«ኤፍ» የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍሎች) የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው ከማዘርቦርዱ ምንም ምስል አይወጣም።

የልጁ ችግር ግን ራሙ (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ነበር፤ በአንድ ጫፉ ለዓይን በማይታይ መጠን ከፍ ብሎ ቀርቷል። አጥፉት፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ራሙን አውጥታችሁ መልሱና «ቀጭ» እስኪል በሁለት አውራ ጣት ተጫኑት። አይዟችሁ፣ ጠንከር ያለ ግፊት ይፈልጋል። ባለ 4 መሰኪያ ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራም የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ነው። ለፕሮሰሰሩ ብቻ የሚሰካው ባለ 8 እግር የኃይል ገመድም ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ራሙ ዲዲአር5 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ጥቂት ደቂቃ ሊጨልም ስለሚችል፣ ቶሎ አታጥፉት።