ሯጭ ቤዝ ሳይረግጥ ሲያልፍ የሶፍትቦል ዳኛ ምን ማድረግ አለበት?

ቤዝቦልን በሚመስለው በሶፍትቦል አንድ ሯጭ ቤዝ (በየተራ መርገጥ ያለበትን መሬት ላይ የተቀመጠ ምልክት) ሳይረግጥ ቢያልፍ ዳኛው ወዲያውኑ አውት (ከጨዋታ ውጪ) አይለውም። ጥፋቱ የሚያስቀጣው ተከላካዩ ቡድን አቤት ሲል ብቻ ስለሆነ፣ እስከዚያው ድረስ ዳኛው ያየውን በልቡ ይዞ፣ በእጁም ሆነ በፊቱ አንዳች ምልክት ሳያሳይ ጨዋታውን መከታተል ይኖርበታል። ለጀማሪ ዳኛ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ዝምታ ነው፤ የተዘለለውን ቤዝ ትኩር ብሎ መመልከት እንኳ ተከላካዮቹን ሊያነቃ ይችላልና።

የቤዙ ጎን 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በሩጫ የሚታጠፍ እግር ውስጠኛውን ጥግ በጫማ ጫፍ ነክቶ ወይም ለጥቂት ስቶት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ዳኛው ኳሷን እየተከታተለ፣ ሯጩ ቤዙ ላይ በሚደርስባት ቅጽበት ዓይኑን ወደ እግሩ ጣል አድርጎ ወዲያው ወደ ኳሷ ይመልሳል። የትኛው ዳኛ የትኛውን ሯጭ እንደሚያይ ከጨዋታው በፊት መስማማትም ያስፈልጋል።

ኳሷ በጨዋታ ላይ ሳለች፣ ኳስ የያዘ ተከላካይ የተዘለለውን ቤዝ በመርገጥ ወይም ሯጩን በኳሷ በመንካት አቤቱታውን ያቀርባል። ጨዋታው ከቆመ በኋላ ግን ፒቸሩን (ኳስ ወርዋሪውን) እና ካቸሩን (ከመቺው ጀርባ ኳስ የሚይዘውን) ጨምሮ ማንኛውም የውስጥ ሜዳ ተከላካይ፣ ኳስ ባይዝም፣ ማን የትኛውን ቤዝ እንዳልረገጠ በቃል መናገር ይችላል። ቀጣዩ ኳስ ለመቺው ከተወረወረ ግን መብቱ ያበቃል። ሯጩም በበኩሉ አቤቱታ ከመቅረቡ በፊት ተመልሶ መርገጥ ይችላል፤ ከኋላው ያለው ሯጭ ነጥብ ካስቆጠረ ወይም እርሱ ከሜዳ ከወጣ ግን አይፈቀድለትም።

ጥንቃቄ የሚሻው የነጥቡ ጉዳይ ነው። ሁለት አውት ተመዝግቦ (ሦስተኛው የመቺውን ቡድን ተራ ያበቃል)፣ አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጮች ሳሉ መቺው ኳሷን አርቆ መታና ሁለቱም ሯጮች ነጥብ ወደሚቆጠርበት የመጨረሻ ቤዝ፣ ሆም ፕሌት፣ ደረሱ እንበል። መቺው አንደኛ ቤዝን ሳይረግጥ ማለፉ በአቤቱታ ከተረጋገጠ፣ ሦስተኛው አውት መቺው አንደኛ ቤዝ ሳይደርስ እንደተፈጸመ ስለሚቆጠር ሁለቱም ነጥቦች ይሰረዛሉ። ጥፋተኛው ከአንደኛ ቤዝ ተነሥቶ ሦስተኛን የዘለለው ሯጭ ከሆነ ግን የፊተኛው ሯጭ ነጥብ ይጸናል። ዳኛው አውቱን ካሳወቀ በኋላ ስንት ነጥብ እንደጸና ለመዝጋቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ መንገር አለበት።