ደም ግፊትን በእግር ጉዞ መቆጣጠር፦ ለደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ነዋሪዎች

በተለያዩ ቀናት ተለክተው 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት አለ ማለት ነው። ከመለካትዎ በፊት 30 ደቂቃ ቡና አይጠጡ፤ ለ5 ደቂቃ ጀርባዎን ተደግፈው ይረፉ፤ ክንድዎን በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ። በሹራብ ላይ መለካት ቁጥሩን ያዛባል፤ ብርድ አገር ነውና ብዙ ሰው ማውለቁን ይጠላል፣ ግን ያውልቁት።

በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። ልኩ ይህ ነው፦ ማውራት ይችላሉ፣ መዝፈን ግን ያቅትዎታል። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ ያዝግሙ፤ ድንገት ከቆሙ ደሙ እግርዎ ላይ ይቀርና ያዞርዎታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ከቆላ የመጣ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፤ በ10 ደቂቃ ይጀምር። የንጋት ውርጭ ደም ሥርን ያጠብባል፤ ስለዚህ ፀሐይ ሞቅ ስትል ይውጡ። የገብስ ጆንያ ሲያነሱ ትንፋሽዎን አይያዙ፤ ግፊቱ ባንዴ ያሻቅባል።

180/120 ከደረሰ ጉዞው ይቅር፤ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታከለበት ሳይውሉ ሳያድሩ ወዲያውኑ ሆስፒታል ነው። ቁጥሩ ወረደ ብለው መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ ያወረደው እሱም ጭምር ነው።